ዓይንን ጨለማ ማጠጣት

ለልጄ፣ ምንም ብትሆን «ደህና ነኝ» ለምትለው፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እግርሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንግዳ መቀበል ቁርጭምጭሚት እንደሚያሳብጥ አንቺ ባትነግሪኝም አውቃለሁ። ለመሆኑ በዚያ ትልቅ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይ የሚሆን አንድ ወንበር ጠፋ? ምሳሽንስ በሰዓቱ ትበያለሽ? ይኼን ሁሉ ጠይቄ የማገኘው መልስ አንድ ብቻ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ደህና መሆንሽን ተቀብዬ ወደ ራሴ ልሂድ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሰውነቴ አላስቸገረኝም። ስለ ዓይኔ ብዙ የምነግርሽ አለኝ፤ እሱ ግን ኋላ ይመጣል።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክማ «እማ፣ እንግዳ መጣብኝ፣ ቆይቼ ልደውልልሽ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም። ደግሞም የምነግርሽን ነገር በአፌ ልናገር ብል እንደ ልጃገረድ መሽኮርመሜ አይቀርም፤ በዚህ ዕድሜዬ ያንን እንድትሰሚብኝ አልፈልግም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ።

እሺ፣ ሳቂ። ሳቅሽ ሲያበቃ ከዚህ ቀጥዪ።

የማታ ትምህርቱን መጨረሴንና መፈተኔን ታውቂያለሽ፤ መጻሕፍቱን የላክሽልኝም አንቺው ነሽ። ውጤቱን ስትጠይቂኝ «ገና ነው» ያልኩሽ ግን ውሸት ነበር፤ ከመጣ ቆይቷል። ያውም አልፌ! ወረቀቱን እጄ ላይ ሳየው የሌላ ሰው መስሎኝ ስሙን ደጋግሜ አነበብኩት። ለምን ደበቅሽኝ ካልሽ፣ አንደኛ ነገር ብወድቅ ማንም ሳያውቅ ወደ ስፌት መኪናዬ ልመለስ ብዬ ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ አንቺ ነሽ። አንቺ እዚሁ ግቢ ገብተሽ፣ አንድ ሴሚስተር ተምረሽ፣ «ይሰለቻል እማ፣ አልተስማማኝም» ብለሽ ትተሽው የሄድሽ ልጅ ነሽ። አንቺን የመሰለች ጎበዝ የሰለቻትን ነገር እኔ ልሞክረው ነው ብዬ መናገሩ አሳፈረኝ።

ያን ቀን ትዝ ይልሻል? በሩ አጠገብ ቆመሽ ነበር መሰለኝ። መሰለኝ የምለው ያኔ የዓይን ሞራው ሁለቱንም ዓይኔን ይዞኝ ስለነበረ ነው። በምሠራበት ሆስፒታል ስፌት ክፍል መርፌ መያዝ አቅቶኝ አንሶላ ማጠፍ ላይ መድበውኝ ነበር፤ እሱንም በዳበሳ። አንቺ ስትናገሪ ከበሩ በኩል ነጭ ነገር ይታየኝ ነበር፤ ሸሚዝሽ ይሆናል። ድምፅሽ ግን ጥርት ያለ ነበር። «ሰለቸኝ» አልሽኝ፤ አመንኩሽ። ብዙም ሳይቆይ ሆቴሉ ጋ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ። ከዚያ ደግሞ የምሥራች ብለሽ ደወልሽ፤ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ ተራሽ ደርሷል፣ ምንም ክፍያ አትጠየቂም አልሽኝ። እኔም የሥራ ቤቴን እየመረቅኩ ሄጄ ተኛሁ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ቅንድብ ነው፤ አንዱን ፀጉር ከሌላው ለይቼ። ይኼን ሁሉ የምታውቂውን ነገር የምደግምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ግቢው ልውሰድሽ።

የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ብታዪ ኖሮ እናቴ አይደለችም ብለሽ ትክጂኝ ነበር። ያንን የሠርግ ጊዜ ጥቁር ጃኬቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ አዳራሹ በር ላይ ደረስኩ። ስገባ ያ ሁሉ ተማሪ ግር ብሎ ተነሣልኝ። እኔ ምን ልወቅ? ዩኒቨርሲቲ ማለት አዲስ ሰው ሲገባ ሁሉም ብድግ ብሎ የሚቀበልበት ቦታ መሰለኝ። እንዴት ያለ የጨዋ ቤት ነው ብዬ ልቤ በደስታ ሞላ። «ተቀመጡ ልጆቼ፣ በሞቴ ተቀመጡ» አልኳቸው፤ ተቀመጡ። ደብተራቸውን ገልጠው እስክሪብቷቸውን አዘጋጁ። እኔ ደግሞ በመሐላቸው አልፌ፣ ይቅርታ እያልኩ፣ ከኋላ ረድፍ ሄጄ ቁጭ አልኩ። አንገቱን ያላዞረ የለም።

ይብስ ብሎ በሩ ተከፈተና አንድ ፀጉሩ የተንጨባረረ ልጅ ገባ። ሥርዓቱን ተምሬያለሁና ብድግ አልኩለት። ብቻዬን። ሁለት ሴቶች ተያይዘው ገቡ፤ አሁንም ብድግ። አንዱ ልጅ ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀውና ውሃ ሰጡት። በመጨረሻ ስኒከር የተጫማ አንድ አጭር ወጣት ገባ፤ ክፍሉ በሙሉ ተነሣ፤ እኔ ግን ጉልበቴ ደክሞ ስለነበረ ለእሱስ ይቅርብኝ ብዬ ተቀመጥኩ። መምህሩ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ስሜ «ማዘር» ሆኗል። የጥበቃ ሠራተኛው እንኳ መታወቂያ ሳይጠይቀኝ «ማዘር እለፊ» ይለኛል።

ዶርም የገባሁት ከአምስት ሴት ልጆች ጋር ነው። አልጋው ተደራራቢ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ። ዕጣ ሲወጣ የላይኛው ደረሰኝ። ልጆቹ እንቀይርልሽ ብለው ለመኑኝ፤ እኔ ደግሞ ዕጣ ዕጣ ነው፣ ተማሪ ነኝ ብዬ ተኩራራሁ። መሰላሉ አጋማሽ ላይ ስደርስ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አልኩ። ሁለቱ ከላይ እየጎተቱ፣ ሦስቱ ከታች እየገፉ፣ እንደ ፍራሽ አወጡኝ። ስወርድ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር፤ እሱን ይለፈኝ። በማግስቱ ቀጭኗ ብዬ የምጠራት፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ልጅ፣ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እኔም ሱሪዋን ሁሉ በልኳ አጠበብኩላት። እሷ ሒሳብ ታስረዳኛለች፤ ስታስረዳኝ ግን ልክ እንደ አንቺ ትቆጣለች።

ከፍ ያለ ዓመት የደረሱት ተማሪዎች በአቀባበሉ ላይ ምክር ሰጡን። የመጀመሪያውን ዓመት በደንብ ተጠቀሙበት አሉ። ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ክበብ ግቡ፣ ከማታውቁት ሰው ጋር ምሳ ብሉ፣ መምህራኑን ቢሯቸው ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ልጆቹ አጨብጭበው እዚያው ረሱት። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ በሞዴል የሰፋሁ ሰው ነኝ፤ ሞዴሉ እዚህ ጋ ቁረጪ ካለኝ እዚያው ጋ ነው የምቆርጠው። አንድም ሳላስቀር አደረግኩት። የገበታ ቴኒስ ክበብ ገባሁ። ኳሷን የመታኋት ቀን የክበቡ አሠልጣኝ ከእኔ በላይ ተደሰተ። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኔን ይዤ ከማላውቀው ሰው ጠረጴዛ ላይ ዘጭ እላለሁ፤ መጀመሪያ ይደነግጣሉ፣ ኋላ ስለ እናታቸው ያወሩኛል።

የመምህራኑን ቢሮም ያዝኩት። የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና እንዳይሆን ሆኜ ወድቄ ስለነበረ ቀድሜ የሄድኩት ሒሳብ መምህሩ ዘንድ ነው። በሩ ላይ ተማሪ የሚያነጋግርበት ሰዓት ተለጥፏል፤ በሰዓቱ ከች አልኩ። ደንግጦ ተነሣና ወንበር አቀረበልኝ። የማን ወላጅ ነዎት፣ ልጅዎ ምን ሆነብዎት አለኝ። ልጄ ደህና ናት፣ የወደቅኩት እኔ ነኝ አልኩት። እጅጌውን ሰብስቦ ጠመኔ አነሣ። ማንም ተማሪ በዚያ ሰዓት መጥቶ እንደማያውቅ፣ ወረቀቱንም የለጠፈው ለደንቡ ያህል እንደሆነ ኋላ ነገረኝ።

ያን ዕለት ያስተማረኝ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። አንድ መስመር ወደ ሌላ መስመር እየተጠጋ፣ እየተጠጋ፣ ዘለዓለም እየተጠጋ የማይደርስበት አለ። እንዴት አይደርስም ብዬ ተከራከርኩት፤ የሚሄድ ነገር ይደርሳል እንጂ! በቁጥር አሳየኝ። ግማሹን ሄዶ፣ የቀረውን ግማሽ ሄዶ፣ ከዚያም የቀረውን ግማሽ። እውነትም አይደርስም። ልክ አንቺ በስልክ እንደምትሆኚብኝ ነው። ከቢሮው ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አንድ እርምጃ ተራምጄ ግማሹን፣ የግማሹን ግማሽ ስሞክር የጽዳት ሠራተኛዋ አመመሽ ወይ ብላ ደገፈችኝ።

ደግሞ ሌላ ቀን። ሽበታም የባዮሎጂ መምህር አሉን፤ ስማቸው ሲነሣ ሌሎቹ መምህራን ሳይቀር ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና ለምንድን ነው የምንተኛው ብላ ጠየቀቻቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አላውቅም፣ በቅጡ የሚያውቀውም ሰው እስካሁን የለም፣ ምናልባት አንቺ ትደርሺበት ይሆናል አሏት። ልጄ፣ ስንት ዓመት በሆስፒታል ስሠራ ትልቅ ሐኪም አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አላውቅም አሉ፤ ሲሉትም ፊታቸው በደስታ በራ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። እኔም ደንዝዤ ቀረሁ። የዓለም እውቀት አልቆ፣ ታሽጎ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ለካ ገና ክፍት ነው፤ ለካ የሚገባበት ሰው እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ይኼ ነው የሰለቻት? እያልኩ ከራሴ ጋር አወራለሁ። ልጄን አውቃታለሁ። ጉንዳን ተከትላ ጎረቤት ቤት ገብታ የምትገኝ ልጅ ነበረች። እሷን የሚያሰለች ቦታ ይኼ ከሆነ እኔ ያላየሁት ነገር አለ አልኩ። ምናልባት ኋላ ላይ ይሰለች ይሆናል ብዬ መሰልቸቱን ስጠብቅ የቤተ ሙከራው ቀን ደረሰ።

ቤተ ሙከራውን የምትይዘው ሴትዮ ጓንቷን ለምንም ነገር ስለማታወልቅ ተማሪው ጓንቷ ነው የሚላት። ቁጡ ናት፤ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ከእሷ ዓይን ከሚገባ መሬት ብትውጠው ይመርጣል። ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ በትልልቆቹ መስኮቶች ገብታ ጠረጴዛው ሁሉ ያበራል። ለሁለት ለሁለት አንድ ማይክሮስኮፕ ደረሰን። እኔ የተመደብኩት ከአንድ ልቡ ሌላ ቦታ ካለ ልጅ ጋር ነው። የሚታየው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሽንኩርት አሉኝ። ቀይ ሽንኩርት! ይኼንን ለማየት ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት አልኩ በልቤ። ከመካከሉ ያለችውን፣ እንደ አየር የሳሳች ገለፈት ልጠን፣ ቀጭን መስታወት ላይ አንጥፈን፣ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨመርንባት።

ከዚያ ማየት ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ጥቃቅን ነገር ከማየቴ በፊት ዓይኔን ጨለማ ሳላጠጣው አልጀምርም። ትንሽ ሳለሽ ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ ብሎሽ ስትነጫነጪ ያስተማርኩሽ ነው። ክርኖችሽን ጠረጴዛ ላይ አድርገሽ፣ መዳፎችሽን እንደ ጽዋ ሠርተሽ ዓይኖችሽ ላይ ትደፊያለሽ። መጀመሪያ ብልጭልጭ ይላል። ትጠብቂያለሽ። ብልጭታው ጠፍቶ ድፍን ጥቁር ሲሆን ዓይንሽ ጠጥቶ ጠገበ ማለት ነው፤ ያኔ ትከፍቺያለሽ። ስፌት ክፍል ውስጥ ይኼንን የሚያደርግ ከእኔ ሌላ አልነበረም፤ ይስቁብኝ ነበር። ቤታችን ግን ደንብ ነበር። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጥኩና መዳፌን ዓይኔ ላይ ደፋሁ። አብሮኝ ያለው ልጅ እየጸለይኩ መስሎት ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ ከፈትኩና ጎንበስ አልኩ።

ምን ልበልሽ። አንቺ አይተሽዋል፤ ግን ልንገርሽ፣ አትከልክዪኝ። ክፍል ነው ያየሁት። ክፍል በክፍል ላይ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጋርተው፣ ማንም ያላዘዘው ግንበኛ እንደ ደረደራቸው። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ነጥብ አለች። እያንዳንዷ ክፍል የራሷ ነጥብ አላት፤ አንዷም ባዶ የለች። መስታወቱን ትንሽ ገፋ ሳደርገው ሌላ ክፍል፣ ሌላ ክፍል፣ አያልቅም። ዕድሜ ልኬን ስልጠው፣ ስከትፈው፣ ገለፈቱን ጠርጌ ስጥለው የኖርኩት ሽንኩርት! እጄ ላይ ሆኖ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን እንኳ ምንም ሳይለኝ! ስንት ቤት ነው ስጥል የኖርኩት? እንባዬ መጣ። ያ ልጅ ማዘር ምን ሆንሽ ሲለኝ ሽንኩርት ነው አልኩት።

ሌሎቹ ጨርሰው ሲወጡ እኔ አልተነሣሁም። እንደገና ላየው ፈልጌ መዳፎቼን ዓይኔ ላይ ደፋሁ። ጓንቷ ከጀርባዬ መጥታ ስትቆም ተሰማኝ። ልታስወጣኝ ነው ብዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኔን ጨለማ እያጠጣሁት ነው አልኳት።

የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይኼን አባባል ከየት አመጡት ብላ ጠየቀችኝ። የቤታችን ነው አልኳት። ወንበር ሳበችና ተቀመጠች፤ ያቺ ሴትዮ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ነበረች አለችኝ። እንደዚሁ መዳፏን ዓይኗ ላይ ትደፋ ነበር፣ እንደዚሁ ነበር የምትለው። ምሳዋን ትታ ትመጣለች። የኩሬ ውሃ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች። ጓደኞቿን በእጃቸው እየጎተተች ኑ እዩ፣ ኑ እዩ ትላለች። በሩን ልቆልፍ ስል ሾልካ ተመልሳ የምትገባ ብቸኛዋ ተማሪ እሷ ነበረች አለች ጓንቷ፤ ስትናገር እየሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ቦርሳዋን አንግታ መጣች አለችኝ። ፈተና አልቆ ነበር፣ ምንም የምትሠራው ነገር አልነበራትም። አንድ ጊዜ ብቻ ልይ ብላ ለመነቻት። የተገኘው ይኸው ሽንኩርት ነበር። መዳፏን ደፍታ፣ ከፍታ፣ ብዙ አየች። ከዚያ መስታወቱን ወልውላ፣ ማይክሮስኮፑን በልብሱ ሸፍና፣ «እኔ በቃኝ፤ አሁን ሌላ ሰው ይይ» ብላ ወጣች። ጓንቷ ዞር ብላ ብታይ ወረፋ የያዘ ሰው አልነበረም። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይገርመኛል አለችኝ።

ልጄ፣ ዓይን ክፍል ያሉትን ነርሶች ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ስፌት ልሠራ ስሄድ አገኛቸዋለሁ። ሆስፒታሉ የሠራተኞቹን ዓይን በእውነት በነፃ ያክማል ወይስ ከሆቴል የመጣ ገንዘብ ነበር ብሎ መጠየቅ አፍ መክፈት ብቻ ነው። አልጠየቅኩም። አልጠይቅምም። አንቺም እንድትመልሺልኝ አልጽፍልሽም፤ «ደህና ነኝ» ከምትለኝ ልጅ ምን መልስ አገኛለሁ?

ተናድጄብሽ እንደነበር ግን እወቂው። ገበታ ቴኒስ እንኳ አልሄድኩም። ቀጭኗ ማዘር ማን አስቀየመሽ ስትለኝ ማንም አልኳት። ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ጠዋት ስነሣ የማየውን ሁሉ ማመን አቃተኝ። የቅጠሉን ጅማት፣ የቀጭኗን ሽፋሽፍት፣ ሰሌዳው ላይ የሚበንነውን የጠመኔ ብናኝ በፀሐይዋ መስመር ውስጥ ሲዋኝ። እያንዳንዱን ሳይ ቆም እላለሁ። የማን ነው ይኼ የማየው እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፤ በሩ አጠገብ ቆመሽ «ሰለቸኝ» ስትይኝ ፊትሽን አላየሁም። ድምፅሽ እንደ እናትሽ ነው፣ ውሸት ይችልበታል። ፊትሽ ግን አንድም ቀን ችሎበት አያውቅም።

ስለዚህ ሬጅስትራር ሄድኩ። ሰውዬው ምሳ ሊወጣ ቁልፉን ይዞ ነበር፤ አስመለስኩት። ስለ አንዲት ያቋረጠች ተማሪ ልጠይቅ ነው አልኩት። ምኗ ነዎት ሲለኝ እናቷ አልኩ፤ የተማሪ መታወቂያዬን ሲያይ ግራ ገብቶት የቱን ነዎት አለኝ። ሁለቱንም። መዝገቡን ገለጠና ነገረኝ። ያቋረጠ ሰው ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንደኛውን ሴሚስተር የጨረሰ ሁለተኛው ላይ ይገባል። ያንቺ ቦታ ግን የሚጠበቀው እስከዚህ ምዝገባ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ይዘጋል፤ እንደ አዲስ ከሁሉ ጋር መወዳደር ይሆናል። በእኔ ፊርማም አይሆንም። ባለቤቷ ራሷ መጥታ መፈረም አለባት አለኝ፤ ለምኜው ነበር፣ ፊርማሽንም እኔ ከአንቺ በተሻለ እጽፈዋለሁ ብዬው ነበር፤ ሳቀና እምቢ አለ።

ምዝገባው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ነው። በአውቶቡስ አንድ ቀን ነው፤ ከአለቃሽ ፈቃድ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ካልሰጠሽም ያ ሆቴል በወንበር እጦት ሠራተኛ ማጣቱ አይቀርም።

አንቺስ ማን አለሽ፣ ቤቱስ እንዴት ይሆናል የሚለውን ክርክርሽን አውቀዋለሁና አስቀድሜ ልመልስልሽ። ስፌት አለኝ። የዶርሙ ሴት ልጆች ልብስ በሙሉ እኔ እጅ ነው፤ ሆስፒታሉም በቅዳሜ ያሠራኛል። ዓይን ያለው ሰው አይቸገርም። ከእንግዲህ የምትልኪልኝ ነገር ቢኖር ራስሽን ነው።

እንደ እናት ላዝሽ አልፈልግም። ብታዘዢኝማ ኖሮ ያኔ ምክንያትሽን ነግረሽኝ እምቢ ባልኩሽ ነበር። እንደ ተማሪ ላግባባሽ ብቻ። ሒሳብን በጭንቅ አልፌያለሁ፤ መምህሩ ከእኔ የበለጠ ላበው። ባዮሎጂን ምን እንዳገኘሁ አልነግርሽም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፣ መጥተሽ በዓይንሽ እዪው። በሁለተኛው ሴሚስተር የደም ጠብታ እናያለን ተብሏል፤ ከራሳችን ጣት የተወሰደ። ቀጭኗ ከአሁኑ እየፈራች ነው። እኔ ደግሞ ቀኑ አልደርስ ብሎኛል። ደሜ ውስጥ ምን እንዳለ ሳስበው ልቤ ይመታል፤ ያንቺንም አጠገቡ አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ፣ ይመሳሰሉ እንደሆነ።

ያ ልቡ ሌላ ቦታ የነበረው ልጅ ልቡ ወዳለበት ሌላ ክፍል ተዛውሯል። ማይክሮስኮፑ አጠገብ ያለው በርጩማ ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ጓንቷ ለቀጣዩ ሴሚስተር ተማሪ ስትመድብ እኔ ጋ ደረሰችና ከማን ጋር ላድርግሽ አለችኝ። በርጩማው ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ይኼ ሰው አለው አልኳት። ማን ነው አለችኝ። ስትመጣ በምታደርገው ታውቂያታለሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና እጄን ጨበጠችኝ።

በይ እንግዲህ። እግርሽን አይመምሽ፣ ጉልበትሽ አይዛልብሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ አውቶቡስሽን ቀጥ ያለ ሾፌር ይንዳው። ያየሽው ሁሉ ይሥመርልሽ፤ ለሰው የሰጠሽውን ፈጣሪ በዓይንሽ መልሶ ያሳይሽ። ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጪና ከመድረስሽ በፊት ዓይንሽን ጨለማ አጠጪው። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። በዚህ ጊዜ ፊትሽን አየዋለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
የበርጩማ ጎረቤትሽ